ከአስፋልቱ ሥር የሚያረጅ ኬብል

እ.ኤ.አ. በ1998 መጀመሪያ ላይ በኒውዚላንድ ትልቁ ከተማ በኦክላንድ በጋው ደረቅና ሞቃት ነበር። የከተማዋን የንግድ ማዕከል የሚመግቡት አራት የመሬት ውስጥ ኬብሎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው 110 ኪሎ ቮልት የሚሸከሙ። አንዱ በጃንዋሪ 22 ተበላሸ። ሁለተኛው በፌብሩዋሪ 9 ተከተለው። ሸክሙ በቀሩት ሁለቱ ላይ ሲወድቅ በፌብሩዋሪ 19 ሦስተኛው፣ በማግስቱ ደግሞ አራተኛው ከሥራ ወጣ። የማዕከሉ ጨለማ አምስት ሳምንት ያህል ቆየ። በአካባቢው ይሠሩ ከነበሩት 74,000 ሰዎች 60,000 የሚሆኑት ከቤታቸው ወይም ከከተማው ዳር ቢሮ ተከራይተው መሥራት ግድ ሆነባቸው፤ ፎቅ ላይ የሚኖሩትም አብዛኞቹ ሌላ ማደሪያ ፈለጉ።

ይህ ታሪክ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የእርጅና ታሪክ ተደርጎ ነው። እውነትም በጋዝ የተሞሉት ሁለቱ ኬብሎች 40 ዓመት የሞላቸው፣ የሚለወጡበት ጊዜም ያለፈ ነበሩ። በዘይት የተሞሉት ሁለቱ ግን ከእነሱ ያነሰ ዕድሜ ነበራቸው። የደረቀው አፈር ሙቀታቸውን አልወስድላቸው አለ፤ ይችሉታል ተብሎ የተጫነባቸውም ከአቅማቸው በላይ ነበር። ይህን አስቀድሞ የለካው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለአዲስ ኬብሎች ወደ 9 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ተቆፈረ።

ስለ ኬብል ስናወራ «ስንት ዓመቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ እንደማይጠቅም የማምነው ለዚህ ነው። በዘይት በተነከረ ወረቀት ተጠቅልለው እርሳስ የለበሱ አሮጌ ኬብሎች 60 ዓመት አልፏቸው ዛሬም የሚያገለግሉባቸው ከተሞች አሉ። ከእነሱ በኋላ የመጡት የፕላስቲክ ኬብሎች ደግሞ በልጅነታቸው ወደቁ።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ አዳዲስ የመኖሪያ ሰፈሮች ሲሠሩ ምሰሶና ሽቦ እንዳይታይ መስመሩን መቅበር እየተለመደ ሄደ። ከዋሽንግተን ወጣ ብለው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየግቢው ዳር የሚያዩት አረንጓዴ የብረት ሣጥን ይህ አሠራር ያመጣው ነው፤ ውስጡ ትራንስፎርመር አለ፣ ከሥሩ ኬብሎቹ ይወጣሉ። የተመረጠው ኬብል ፖሊኢትሊን በሚባል ፕላስቲክ የተሸፈነ ነበር። ርካሽና ቀላል ነው፤ ውሃም አይደፍረውም ተብሎ ታመነ። ስለዚህ ብዙው ያለ ቧንቧ በቀጥታ አፈር ውስጥ ተቀበረ። የውጭ ልባስ እንኳ አልተደረገለትም፤ በዙሪያው የተጠመጠሙት የመዳብ ሽቦዎች ራቁታቸውን ከአፈር ጋር ተገናኙ። 30 እና 40 ዓመት ይኖራል የተባለው ኬብል ከ10 እና ከ15 ዓመት በኋላ ይፈነዳ ጀመር።

ምክንያቱን ሚያሺታ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 ጽፎት ነበር። እርጥበትና የኤሌክትሪክ ግፊት ፕላስቲክ ውስጥ ሲገናኙ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች እየተያያዙ፣ ቅርንጫፍ እያወጡ ይዘረጋሉ። ባለሙያዎች «የውሃ ዛፍ» ይሉታል። በፋብሪካ ፕላስቲኩን በእንፋሎት የማብሰሉ የያኔው ዘዴ ራሱ ጥቃቅን ክፍተትና እርጥበት ትቶ ያልፍ ስለነበር ዘሩ ከመቀበሩ በፊት ተዘርቶበታል ማለት ነው። የውሃ ዛፍ ብቻውን ኬብል አይገድልም። ለዓመታት ያዳክመዋል። አንድ ቀን መብረቅ ወይም የማብሪያ ማጥፊያ ግፊት ሲመጣ ከጫፉ ሌላ ዓይነት ስንጥቅ ይነሣል፤ ይሄኛው በውሃ ሳይሆን በእሳት የሚያድግ ነው፤ ኬብሉን ለመበሳትም ዓመታት አይጠብቅም።

ታዲያ ከመበሳቱ በፊት እንዴት ይታወቃል? በእጃችን ያለው ሜገር የሚባለው የሽፋን መለኪያ የተቆረጠውን ወይም ከመሬት የተገናኘውን ኬብል ያሳያል፤ ውስጥ ውስጡን እየደከመ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው ብሎ ያሳልፈዋል። ከዚህ የከፋው የዲሲ (የቀጥታ ጅረት) ፈተና ነው። ለረጅም ዘመን ኬብል የሚፈተነው ከፍተኛ የዲሲ ቮልቴጅ ለደቂቃዎች ተጭኖበት ነበር፤ ለወረቀቱ ኬብልም ደህና አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጡ ጥናቶች ግን ያረጀ የፕላስቲክ ኬብል ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ አረጋገጡ። ዲሲው የሚተወው ቻርጅ የውሃ ዛፍ ባለበት ቦታ ታጉሮ ይቀራል፤ መስመሩ ወደ ተለመደው ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ሲመለስ ያ የታጎረው ተጨምሮበት ደካማው ቦታ ይበሳል። ፈተናውን ያለፈ ኬብል በፈተናው ምክንያት ይሞታል። መሣሪያው ዛሬም በየመጋዘኑ አለ፤ ርካሽም ነው። ያረጀ ፕላስቲክን ግን ሊነካ አይገባም።

በቦታው የተተካው በጣም ዝግ ያለ ኤሲ ነው፤ በ10 ሰከንድ አንድ ዙር ብቻ የሚሄድ፣ 0.1 ኸርዝ። ረጅም ኬብልን በተለመደው 50 ኸርዝ ለመፈተን የጭነት መኪና የሚሞላ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። ኬብሉ የሚስበው ኃይል ከድግግሞሹ ጋር ስለሚወርድ በ0.1 ኸርዝ 500 ጊዜ ያንሳል፤ መሣሪያውም በአንድ ፒክአፕ ይጫናል። ከዚሁ ጋር ታን ዴልታ የሚባለው ልኬት ይወሰዳል፤ ከተሰጠው ኃይል ምን ያህሉ ሽፋኑ ውስጥ ሙቀት ሆኖ እንደሚባክን የሚናገር ቁጥር ነው። የደም ግፊት ልኬትን ይመስላል፤ የአንድ ቀኑ ንባብ ጥቂት ይናገራል፣ የዓመታቱ ግን ብዙ። ሌላው ፈተና በሽፋኑ ክፍተት ውስጥ የሚፈጠረውን ጥቃቅን የእሳት ብልጭታ ያዳምጣል። ይህ በደንብ ያልተሠራ ጆይንት (የኬብል መገጣጠሚያ) ለማግኘት ተመራጭ ነው፤ የውሃ ዛፍ ግን ብልጭታ ስለማያወጣ ያልፈዋል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ አንድ መሣሪያ ገዝቶ «ፈትነናል» ማለትም አይበቃም።

በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል በመንግሥት ድጋፍ እነዚህን ፈተናዎች ለዓመታት መርምሯል። ከውጤቱ ውስጥ ለበጀት ሰዎች ትልቁ ቁም ነገር ይመስለኛል፦ ፈተናዎቹ ጎበዝ የሆኑት የታመመውን በመያዝ ሳይሆን ጤነኛውን ጤነኛ ነው በማለት ነው። አብዛኛው የተቀበረ ኬብል ደግሞ ጤነኛ ነው። ሳይፈትኑ በዕድሜ ብቻ ሙሉ ሰፈር ቆፍሮ የሚለውጥ መሥሪያ ቤት ገና ብዙ የሚያገለግል መዳብ እያወጣ ይጥላል።

ለታመመውም መፍትሔ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት የሲሊኮን ፈሳሽ ነው። የኬብሉ መሪ ብዙ ሽቦዎች ተገምደው የተሠራ ስለሆነ በሽቦዎቹ መካከል ቀጭን መተላለፊያ አለ። መስመሩ ይቋረጣል፣ ከመሬት ይገናኛል፤ ሞገድ ተልኮ ጆይንቶቹ ያሉበትና የውጭ መዳቡ የተበላበት ቦታ ይታወቃል፤ ከዚያ ፈሳሹ ከአንድ ጫፍ ይገፋል፣ በሌላው ጫፍ ይሳባል። ከመሪው ወጥቶ ቀስ በቀስ ወደ ፕላስቲኩ ይሰርጋል፤ የውሃ ዛፉ ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ተዋህዶ ውሃውን ይጨርሰዋል፤ ራሱም ከፍ ወዳለ ሞለኪውል ተለውጦ ክፍተቱን ሞልቶ ይቀራል። ጥንካሬው በዚያው ቀን አይመለስም፤ በሳምንታትና በወራት ነው። ሥራውን የሚሠሩ ኩባንያዎች ለ20 ዓመትና ከዚያ በላይ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ወጪውም አብዛኛውን ጊዜ ቆፍሮ ከመለወጥ በእጅጉ ያንሳል፤ አስፋልት አይሰበርም፣ አትክልት አይነቀልም።

ግን ለሁሉም አይሆንም። የውጭ መዳቡ ተበልቶ ያለቀ ኬብል ቢታከምም ዋጋ የለውም። የወረቀት ኬብል በዚህ አይታከምም። ከሁሉም በላይ ውሃ እንዳይሄድበት የመሪው ክፍተት በፋብሪካ የተደፈነ ኬብል ፈሳሹን አያሳልፍም፤ ዛሬ ከሚመረቱት ውስጥ እንዲህ ያሉት ብዙ ናቸው። የተሻለ ሆኖ መሠራቱ በኋላ እንዳይታከም አድርጎታል።

ጉዳዩ ወደ እኛ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ከቦሌ እስከ መገናኛ በየምሰሶው ይንጠለጠል የነበረው የኤሌክትሪክ መስመር ወደ መሬት ገብቷል። ከተማዋን ማስዋቡን አልቃወምም። ነገር ግን የተንጠለጠለ ሽቦ ሲበላሽ ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል፤ የተቀበረው ሲደክም የሚያውቅ የለም። መሪው የተደፈነ ኬብል ከሆነ ከዛሬ 25 ዓመት በኋላ ልጆቻችን ፈሳሽ ሊሰጡት አይችሉም። ያላቸው ነገር እኛ የምንተውላቸው መዝገብ ብቻ ይሆናል፤ ኬብሉ የት እንደሚያልፍ፣ የትኛው ፋብሪካ እንደሠራው፣ እያንዳንዱን ጆይንት ማን በየትኛው ቀን እንደሠራው፣ ሲቀበርም የታን ዴልታ ንባቡ ስንት እንደነበር።

ጆይንት ላይ መቆም እፈልጋለሁ፤ በአዲስ ኬብል ላይ መጀመሪያ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነውና። በከተማችን የውሃ፣ የቴሌና የመንገድ ሥራ ቁፋሮ ኬብል መቁረጡ የታወቀ ነው። የተቆረጠ ኬብል ሲጠገን ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ አዲስ ቁራጭ ይገባል፤ አንድ ቁርጥ ሁለት ጆይንት ወለደ ማለት ነው። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ውሃ ሲቋጥር፣ መብራት ይምጣልን እያለ ሰፈሩ ሲጮህ፣ ሠራተኛው በጭቃ እጅ ሽፋን እየላጠ በጥድፊያ የሚሠራው ጆይንት ለቀጣዩ ብልሽት በር ይከፍታል። ለዚያ ሠራተኛ ድንኳን፣ ደረቅ ጨርቅ፣ በቂ ሥልጠናና ሁለት ሰዓት ተጨማሪ ጊዜ መስጠት ከብዙ መሣሪያ ግዢ ይልቅ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

የገንዘቡም ነገር ያሳስበኛል። በብዙ አገር አዲስ ኬብል ሲገዛ ሀብት ሆኖ ይመዘገባል፣ ፈተና ግን የዓመቱ ወጪ ነው። ብድርና እርዳታ የሚገኘውም ለመዘርጋት ነው። ስለዚህ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው ልኬቱ ነው፤ በተሰረዘበት ዓመት ምንም ስለማይደርስ ቅሬታ የሚያነሣ አይኖርም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለ15 ኪሎ ቮልት የመሬት ውስጥ መስመሮቹ የፈተና በጀት ከመዘርጊያው ጋር አብሮ እንዲጸድቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ለብቻው መለመን አይኖርበትም።

የመጀመሪያው ልኬት ያልተወሰደላቸው መስመሮች ካሉ አሁንም ጊዜው አላለፈም። ንጣፉን ማንሳት አያስፈልግም፤ የኬብሉ ሁለት ጫፎች ማከፋፈያው ሣጥን ውስጥ ናቸው። የሚያስፈልገው አንድ ቡድን፣ አንድ መሣሪያና አስቀድሞ የተነገረ ጥቂት የሌሊት ሰዓታት መቋረጥ ነው። ደንበኛው መብራቱ የሚጠፋው ኬብሉ ሊፈተን መሆኑ በግልጽ ከተነገረው እንደሚታገሥ አምናለሁ፤ ያስመረረው መጥፋቱ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደጠፋ አለማወቁ ነው።