ሳይቃጠል በቅጠል

ባለፈው እሑድ ጧት ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተን ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ደብር ናት። በዘመናችን ደግሞ ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው ብዙ ወገኖቻችን ፈውስ ፍለጋ ወደ ጠበሏ ወጥተዋል።

ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ እንዳልን፣ አብሮን የወጣው ወዳጃችን የቆየ ነገር አነሣልን። ወዳጃችን በሠራዊቱ ሕክምና ክፍል በነርስነት ያገለገለ ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቁስለኛ ሲያክም መርፌ ጣቱን ወጋው፤ የቁስለኛውም ደም ቫይረሱ ያለበት ሆኖ ተገኘ። «ጓደኞቼ ምን ይሉኛል ብዬ አንድ ሌሊት ደብቄው አደርኩ» አለን። በማግሥቱ ለአለቃው ተናግሮ መድኃኒቱን ጀመረ፤ እነሆ ዛሬም ጤነኛ ነው።

ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ መጥተው ቁስለኞቻችንን ሲያክሙ ይህ በሽታ አይታወቅም ነበር። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ወንድሙን ለማዳን እጁን ወደ ቁስል የሚዘረጋ ሁሉ ለራሱም መጠንቀቅ ግድ ሆኖበታል።

ቫይረሱ ያለበት ደም የነካው መርፌ ከወጋቸው 1000 ሰዎች መካከል፣ መድኃኒት ካልወሰዱ፣ የሚያዙት 3 ያህል ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው ተብሎ ግን አይናቅም፤ ከሦስቱ አንዱ የማን ልጅ እንደሚሆን አይታወቅምና።

ታዲያ ምን ይደረግ? የተወጋውን ስፍራ ወዲያው በውሃና በሳሙና ማጠብ ነው፤ መጭመቅና በረኪና ማፍሰስ አይገባም። ደም ዓይን ውስጥ ከገባ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ቀጥሎ ሳይውሉ ሳያድሩ ለአለቃ ማስታወቅና ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባል። መድኃኒቱ በቶሎ፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የደም ምርመራውም በኋላ ይደገማል።

ዓርብ ቀትር ላይ መርፌ የወጋው ሰው ቀኑ የሚያልፍበት ሰኞ ቀትር ነው። «ዛሬ እሑድ ነው፤ ነገ እሄዳለሁ» ማለት አያዋጣም። እያንዳንዱ ሰዓት ባለፈ መጠን የመድኃኒቱ ኃይል ይደክማልና።

አንዳንዱ ደግሞ መድኃኒት መውሰድን ከእምነት ማነስ ይቆጥረዋል። ነገር ግን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ለምእመናን ማስረዳታቸው የሚዘነጋ አይደለም።

አለቆችም ቢሆኑ አንድ ዕዳ አለባቸው። የተወጋው ነርስ ወይም ወታደር ሲናገር የሚገሥጹትና የሚጠረጥሩት ከሆነ፣ ሌላው ነገ ይደብቃል። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም። ወዳጃችን አንድ ሌሊት ብቻ ደብቆ ተረፈ፤ ሦስት ሌሊት ቢደብቅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?