የሁለት ደመወዝ ቤት

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ሲሾም፣ ሠራተኛ ለመቅጠርም ዐቅም ያነሰው እንደ ሆነ የቤቱን ሥራ ሚስቱ በገዛ እጇ እንድትሠራ ሲያዝዝ፣ አገር የለመደውን በአንቀጽ ጻፈው እንጂ አዲስ ፍርድ አላመጣም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ያን ራስነት ሽሮ ቤተሰቡን ሁለቱም በእኩልነት እንዲመሩት ደነገገ፤ ሚስት ከቤት ወጥታ እንዳትሠራ ባል ይከለክልበት የነበረውም ሥልጣን አብሮ ተሻረ። ሴቲቱ ወደ ሥራ ወጣች፤ የተወችውን ሥራ ማን እንደሚሠራው ግን አዲሱ ሕግ በዝምታ አለፈው።

ነገሩ እንዲገለጥ፣ በአዲስ አበባ ዳር በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት በኅሊናችን እንፍጠር፤ እርሷ በግል ሆስፒታል መዓልትና ሌሊት የምትፈራረቅ ነርስ፣ እርሱ ከመንገድ ሥራ ካምፕ በወር አንዴ የሚመለስ መሐንዲስ፣ በሥርዐተ ተክሊል የተጋቡ፣ የሚዋደዱም ናቸው (የማይዋደዱ ብናደርጋቸው ጥፋቱን ሁሉ በጠባያቸው አሳብበን በተገላገልን ነበር)። ልጅ ሲወለድላቸው የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለእናቲቱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ሲፈቅድ፣ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው፤ በዚህም ጊዜ ሰው የገንፎ ጠያቂ ተቀብሎ ይሸኝ ይሆናል እንጂ ሕፃን ማጠብን እንኳ አይለምድም።

90ው ቀን ሲያልቅ አያቲቱ ከደብረ ማርቆስ ይጠራሉ፤ እርሳቸውም ማኅበራቸውንና ቤታቸውን ትተው የሚሰነብቱት ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲያ ቤቱን የምትሸከመው ከገጠር የመጣች፣ ብዙ ጊዜም ራሷ ገና ልጅ የሆነች ሠራተኛ ናት። የእርሷ ውል ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ነው ተብሎ ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ውጭ ስለ ቀረ፣ የሚገዛት ያው የ1952ቱ ሕግ ነው፤ እርሱም በአሠሪዋ ቤት የምታድረውን ሠራተኛ የሥራ ሁኔታ ለአሠሪዋ ሕገ ልቡና ትቶታል። እመቤቲቱ ከአሮጌው ሕግ የወጣችው ሌላይቱን ሴት በስፍራዋ ተክታ ነው፤ ይህንንም የምለው ነርሷን ለመውቀስ አይደለም፣ ሌላ መንገድ አልተከፈተላትምና።

የ2010ሩ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ማዘዙ መልካም ጅምር ነበር፤ በግል ድርጅት የምትሠራውን እናት ግን አይመለከታትም ነበር። ሕግ የማውጣት ሥልጣን የተሰጣችሁ ሁሉ፣ የአባትን 3 ቀን አስረዝሙ፤ የቤት ሠራተኛይቱንም የሥራ ሰዓት ከሰው ኅሊና አውጥታችሁ በአንቀጽ ጻፉት።