ስምንት ተጫዋች፣ አንድ ከፋይ

ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ሁለት ሰው ይጫወታል፣ ስድስት ሰው ቆሞ ያያል። ከስድስቱ አራቱ አሠልጣኝ ናቸው፤ «አቀብል እንጂ!» «ምን ትጠብቃለህ፣ ምታው!» ሲሉ ነው የሚያመሹት። ተሸናፊ ሒሳብ ይከፍላል፣ አሸናፊ ወንበሩ ላይ ይቀራል። የሚቀረው ደግሞ ሁልጊዜ ያው ሰው ነው። እኛ ሰፈር ያለው ንጉሥ ወንበሩን ከያዘ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱን ለመግጠም መቀመጥ ማለት በፈቃደኝነት ግብር መክፈል ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌላ ዓይነት ጌም ነው። ፈረንጆቹ «ፓርቲ ጌም» ይሉታል። (ፓርቲ ስላችሁ ምርጫ ቦርድ የመዘገበው አይደለም፣ ተረጋጉ።) ጓደኛሞች ተሰብስበው የሚጫወቱት፣ ሕጉ በሁለት ደቂቃ የሚገባ፣ ከማሸነፍ ይልቅ መሳቅ የሚበዛበት ጌም ማለት ነው። ጣት ያልሠለጠነለት ሰው ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እኩል ይገባል።

በአማርኛ «ጨዋታ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። ኳሱም ጨዋታ ነው፣ ቡና ላይ የምናወራውም ጨዋታ ነው። «ጨዋታ አዋቂ» የምንለው ጎል የሚያገባውን ሳይሆን ወሬ የሚያሳምረውን ሰው ነው። ጥሩ ፓርቲ ጌም ሁለቱ ትርጉሞች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ስልኩ ሰበብ ይሰጣል፤ ሳቁን የሚያመርቱት ግን የተቀመጡት ሰዎች ናቸው። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ሸማቹ ራሱ አምራች የሚሆንበት እንዲህ ያለ ዕቃ ብዙም አልገጠመኝም።

አሞንግ አስን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ቢያንስ ያችን ባለ ቀለም ድንቡሽቡሽ ጠፈርተኛ በቴሌግራም ስቲከር አይታችኋታል። ኢነርስሎዝ የሚባል ትንሽ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያወጣው ቡድኑ ሦስት ሰው ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነው። በ2020 ዓለም በኮቪድ ምክንያት ቤቱ ሲቀመጥ ግን ድንገት ፈነዳ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የአሜሪካ ምክር ቤት አባሏ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ ሰው ለምርጫ እንዲወጣ ለመቀስቀስ በቀጥታ ሥርጭት ስትጫወተው፣ በአንድ ጊዜ ከ400 ሺህ በላይ ተመልካች ነበራት።

ሐሳቡ ግን የቆየ ነው። ዲሚትሪ ዴቪዶቭ የተባለ ሰው በ1980ዎቹ ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፈጠረው «ማፊያ» ነው፤ ያለ ስልክ፣ በወረቀት ቁራጭ የምንጫወተው ያው ማፊያ። ጥቂቶች ማን ምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ ብዙኃኑ አያውቅም፣ ከዚያ ክርክር ይጀመራል። ይሄን እኛ ክፍል ውስጥ «ያልተመጣጠነ መረጃ» ብለን ተምረነዋል። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስላገለገሉ መኪኖች ገበያ ጻፈበት፣ በ2001 ኖቤል ተሸለመ። ሻጩ የመኪናዋን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ደላላ ያየ ሰው ይሄን ያለ ኖቤልም ያውቀዋል።

የእኛ ቡድን ውስጥ ሕግ የተማረ ልጅ አለ። ክርክር የሱ ሥራ ስለሆነ እሱ ያሸንፋል ብለን ነበር። የለም። አፉን በከፈተ ቁጥር «ይሄ ብዙ አወራ» ተብሎ ከመርከቧ ይወረወራል። የማትያዘው ነርሷ ናት። «አያምህም» ብላ መርፌ መውጋት የዕለት ሥራዋ ስለሆነ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ሦስት ሰው ገድላ «ውይ፣ ማን ሞተ?» ስትል እኔ ራሴ ላጽናናት ይዳዳኛል።

ስልክ ላይ በነጻ ይወርዳል፣ ማስታወቂያውን ከታገሣችሁት። ቢያንስ አራት ሰው ይፈልጋል። «ሎካል» የሚለውን ከመረጣችሁ አንድ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ፣ እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት እየተያያችሁ ትጫወታላችሁ። እንደ እኔ ከሆነ አሞንግ አስ የሚጣፍጠው እንደዚህ ነው፤ ፊት ሳይታይ መዋሸት ምኑ ውሸት ነው?

ሁለተኛው ስሙ ረጅም ነው፤ «ኪፕ ቶኪንግ ኤንድ ኖባዲ ኤክስፕሎድስ»። ወሬ ካላቋረጣችሁ ማንም አይፈነዳም እንደማለት። ስቲል ክሬት ጌምስ የተባለ የካናዳ ድርጅት በ2015 አወጣው፤ ስልክ ላይም አለ። አንድ ሰው ስልኩን ይይዛል፣ ስልኩ ላይ የምትቆጥር ቦምብ አለች። ሌሎቹ ቦምቧን ማየት አይፈቀድላቸውም፤ እነሱ ጋ ያለው የማክሸፊያ መመሪያው ነው። መመሪያው በነጻ ከድረ ገጽ ይወርዳል። ስለዚህ ጌሙን የሚገዛው አንድ ሰው ብቻ ነው።

መመሪያው በእንግሊዝኛ ተጽፏል፣ እኛ የምንጮኸው በአማርኛ ነው። መከራው እዚህ ጋ ይጀምራል። ለምሳሌ ሦስት ሽቦ ካለ ሕጉ እንዲህ ይሄዳል፦ ቀይ ከሌለ ሁለተኛውን ቁረጥ፤ ቀይ ካለና የመጨረሻው ነጭ ከሆነ የመጨረሻውን ቁረጥ፤ ካልሆነ፣ ከአንድ በላይ ሰማያዊ ካለ የመጨረሻውን ሰማያዊ… እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አማርኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። ጓደኛዬ ተረጋግቶ «ሁለተኛውን ሽቦ…» ብሎ ገና ትንፋሽ ሲስብ፣ ስልክ የያዘው «ቆረጥኩት!» አለ። ዓረፍተ ነገሩ ሊያልቅ የነበረው «…እንዳትነካ» በሚለው ነው። ሰዋስው አፈነዳን።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ቦምቧ ላይ «ዩ»፣ «ዩር»፣ «ዩ አር» የሚሉ ቃላት ተጽፈው የሚመጡበት ክፍል አለ፤ ሲነበቡ ይመሳሰላሉ፣ በጽሑፍ ይለያያሉ። የጌሙ ሠሪዎች ያሰቡት የእንግሊዝኛ ተናጋሪውን ለማሳበድ ነው። እኛን ምን ሊያደርጉን እንደሚችሉ አስቡት። «የቱ ዩር?» «ዩር ነዋ!» «በሁለት ፊደል ወይስ በአራት?» «ሰላሳ ሰከንድ ቀረ!» «እናትህን አትጥራ፣ ፊደሉን ቁጠር!»

በነጻ ይሄንን የሚመስል ከፈለጋችሁ ስፔስቲም አለላችሁ። ሄንሪ ስሚዝ የተባለ የሞንትሪያል ሰው በ2012 ያወጣው ነው፣ ከሁለት እስከ ስምንት ሰው ይጫወተዋል። እናንተ ስልክ ላይ የሚወጣው ትእዛዝ የሚፈጸመው ሌላ ሰው ስልክ ላይ ባለ ቁልፍ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ጨርሱት።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ይሄን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

እኛ አምስት ነን። የምንገናኘው ካፌ ነበር። ታክሲ፣ ማኪያቶ፣ አንዳንዴ ኬክ፤ ቀላል ይመስል ነበር። ዋጋው እየጨመረ ሲሄድ አንዱ ጓደኛችን ሥራ አጣ። መጀመሪያ «ምሳ በልቼ ነው የመጣሁት» ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ዘግይቶ መምጣት። ከዚያ «ዛሬ ትንሽ ነገር ይዣለሁ»፣ ከዚያ ስልክ አለማንሣት። «እኛ እንከፍላለን» ብትሉት ባሰ፤ አንዴ ይሳቃል፣ ሁለቴ ዝም ይባላል፣ ሦስተኛው ላይ ሰውየው የለም። ዋጋ ሲጨምር ፍላጎት ይቀንሳል የሚለው ግራፍ ላይ የሚቀንሰው የማኪያቶ ቁጥር ይመስለኝ ነበር። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰውም እንደሚቀንስ ያየሁት እዚያ ነው።

ወደ ቤት የገባነው ለዚህ ነው። ሻይ፣ ቆሎ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ የነርሷ ቲቪ። እዚህ ላይ ጃክቦክስ የሚባለውን ላስተዋውቃችሁ። የቺካጎ ድርጅት ነው፤ የመጀመሪያውን የፓርቲ ጌም ጥቅል በ2014 አወጣ። አንድ ሰው ይገዛል፣ ቲቪ ላይ ይከፍታል። ሌሎቹ ምንም አይጭኑም፣ ምንም አይከፍሉም፤ በስልካቸው አንድ ድረ ገጽ ከፍተው ቲቪው ላይ የሚታየውን ባለ አራት ፊደል ኮድ ያስገባሉ፣ ገቡ። ብዙዎቹ ጨዋታዎች እስከ ስምንት ሰው ይይዛሉ። አንድ ሰው ሲጨመር የሚጨመረው ወጪ ዜሮ ነው፣ ሳቁ ግን ይጨምራል። ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለ የሚል ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ አይወጣም፤ ሒሳብ ይዞ የሚመጣ አስተናጋጅም የለም።

ይሄ ነገር የሁሉም ጌም ጸባይ አይደለም። ኮምፒውተር ያላቸው ሰዎች የሚያብዱበት፣ በ2023 የወጣው ሊታል ካምፓኒ 10 ዶላር ነው፣ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱን መግዛት አለበት። አራት ጓደኛ፣ 40 ዶላር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 10 ዶላር በባንክ ተመን 580 ብር አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ ዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። የእኛን ጃክቦክስ የከፈለችልን ሜሪላንድ ያለች የሕግ ተመራቂው እህት ናት፤ «ለትምህርት ነው» ብሎ እንደሆነ ግን እሱ ይጠየቅ።

ጓደኛችን መጣ። ደስ አለን። ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ክዊፕላሽ የሚባለው ጨዋታ ላይ ጥያቄ ይመጣል፣ ሁለት ሰው አስቂኝ መልስ ይጽፋል፣ ሌላው ድምፅ ይሰጣል። ይሄ ልጅ ከአምስታችን በላይ ቀልደኛ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ከረዳት ጋር ሲጨቃጨቅ ተሳፋሪው መውረጃውን ረስቶ ያልፋል። እንግሊዝኛው ጥያቄ ፊት ግን ዝም አለ። ጥያቄው ስለ አሜሪካ ምግብ ቤትና ስለ አሜሪካ ቴሌቪዥን ነው፤ መልሱም በእንግሊዝኛ ሲሆን ቀልዱ መንገድ ላይ ይሞታል። ከካፌው ወጪ አምልጦ መጥቶ ቤት ውስጥ ሌላ በር ተዘጋበት። በቋንቋህ ጨዋታ አዋቂ፣ በሰው ቋንቋ ግን እንግዳ መሆን ደስ አይልም።

ያን ማታ ያዳነን ጋርቲክ ፎን ነው። ከብራዚል የመጣ፣ በብራውዘር የሚከፈት፣ ነጻ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ቀጣዩ ያንን በጣቱ ይሥላል፣ ሦስተኛው ሥዕሉን ብቻ አይቶ ምን እንደሆነ ይጽፋል፣ አራተኛው ያንን ይሥላል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተራ በተራ ይታያል። ጥያቄ አቅራቢ ስለሌለ ቋንቋው የእናንተ ነው፤ እኛ በአማርኛ ጻፍን። አንዷ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብላ ጀመረች። ቀጣዩ አንበሳ በድር ውስጥ ሣለ፤ ማለትም ሥያለሁ ብሎ አሰበ። ያ ልጅ ሥዕሉን አይቶ የጻፈው «ሦስት ለዜሮ እየተመራ ያለ ድመት በረኛ» የሚል ነው። ድሩን የጎል መረብ አድርጎት! ከዚያ በኋላ የመጣው ሥዕል ላይ ድመቷ ዳኛውን ስትሰድብ ነበር። ነርሷ ሻይዋን ምንጣፉ ላይ ደፋች።

ከዚያ ጀምሮ አንድ ነገር አይለቀኝም። እንቆቅልሽ የምንለውን አስቡት። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» ካላወቅህ «አገር ስጠኝ» ትባላለህ። ትንሽ ቀበሌ ብትሰጥ አይቀበልም፣ ድርድር አለ። ጎንደርን ወይ ሐረርን ከወሰደ በኋላ ደግሞ እዚያ ገብቶ እንዴት እንደተንደላቀቀ እየተረከ አንተን ልክ ልክህን ይነግርሃል። ጥያቄ፣ ሽልማት፣ ድርድር፣ ሙድ መያዝ፣ ሁሉም ተሟልቷል። አያቶቻችን ያለ ኮድና ያለ ቲቪ የሠሩት ክዊፕላሽ ነው። ይሄን ወደ ስልክ ማምጣት ደግሞ እንደ ኳስ ጌም ብዙ ሚሊዮን ዶላርና ስታዲየም ሙሉ ግራፊክስ አይጠይቅም። ጽሑፍ ነው። ጥቂት መቶ ጥያቄ፣ አንድ የክፍል ኮድ፣ ድምፅ መስጫ። ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ ሌላ የማድረሻ መተግበሪያ ከመሥራታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ስጡት።

እኛ እስከዚያው ጥያቄዎቹን ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ እየጻፍን ነው። አንዱ ያነባል፣ ሁለት ሰው ለአንባቢው በግል መልስ ይልካል፣ አንባቢው ስም ሳይጠቅስ መልሶቹን ያሰማል፣ ቀሪዎቻችን እጅ እናወጣለን። አብዛኛውን የሚጽፈው ያ ልጅ ነው፤ ሥራ ገና አላገኘም፣ ግን ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ያመጣቸውን ሦስቱን ልስጣችሁ፣ ዛሬ ማታ ሞክሯቸው፦

«ረዳቱ መልስ ሳይሰጠኝ ታክሲው ሲሄድ፣ በልቤ ያልኩት ____።»

«አክስቴ ሠርግ ላይ 'አንተስ መቼ ነው?' ስትለኝ ከመመለስ ይልቅ ____ ይሻለኛል።»

«መብራት የሄደው ልክ ____ ልል ስል ነው።»