ጭራዋ የት ገባ?

ዝናብ ሲጠና በሐዋሳ ከባህል አዳራሽ እስከ ሐይቁ ዳር የእንቁራሪት ድምፅ ማታ ማታ ይሰማል። በዚህ ወቅት ልጅዎ ጭራ ያላቸውን የእንቁራሪት ልጆች በጣሳ ይዞ ቢመጣ አይቆጡ። ከየት እንዳመጣቸው ግን ይጠይቁ። ቀንድ አውጣ ባለበት የሐይቅ ዳር ውሃ የቢልሃርዚያ ተውሳክ ሊኖር ይችላል፤ እግሩን ለነከረ ልጅ በቆዳው ሰርስሮ ይገባል። ከዝናብ በኋላ ካቆረ ውሃ አዋቂ በጭልፋ ቢቀዳ ይሻላል (አባትም ቢያግዝ አይከፋም)።

አምስት ወይም ስድስት ይበቃሉ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት አንድ ቀን ሙሉ ክፍት ሆኖ ይቆይና በሰፊ ሳፋ ይደረግ። ምግባቸው ጥቂት ቅቅል ሰላጣ ነው። የወባ ትንኝ እንዳይራባበት ሳፋውን በሻሽ ይሸፍኑ፤ ውሃውንም ቶሎ ቶሎ ይለውጡ። ልጁ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

መጀመሪያ የኋላ እግሮች፣ ቀጥሎ የፊቶቹ ይወጣሉ። ልጁ «ጭራዋ የት ወደቀ?» ማለቱ አይቀርም። አልወደቀም፤ አካሏ ራሱ ቀስ በቀስ መጥጦ ይጨርሰዋል። በነዚያ ቀናት ምግብ ባትበላ አይደንግጡ። ይልቅስ በሳንባ መተንፈስ ስለምትጀምር የምትወጣበት ድንጋይ ካላገኘች ሰጥማ ትሞታለች።

ጭራው ሲያልቅ ከተወሰደችበት ቦታ፣ እርጥብ ሣር ላይ ይልቀቋት። ልጁ ቢያለቅስም፣ ከእንግዲህ የምትበላው በሕይወት ያሉ ነፍሳትን ነውና ሳፋው አያኖራትም።