ጭር ሲል ለምን ያስፈራል?

ሆረር ፊልም ስታዩ አንድ ነገር ሞክሩ። ልባችሁ ድው ድው ማለት ሲጀምር ድምፁን አጥፉት። ጨለማው ኮሪደር አለ፤ ቀስ ብሎ የሚከፈተው በርም አለ። ፍርሃቱ ግን ብዙ ጊዜ ላላ ይላል። አሁን ድምፁን መልሱና ዓይናችሁን ጨፍኑ። ምንም ሳታዩም ትሳቀቃላችሁ።

ለመሆኑ ጆሮ ይህን ጉልበት ከየት አመጣው?

ዓይን የሚያየው ፊት ለፊቱን ነው፤ ስንተኛም ይከደናል። ጆሮ ግን ክዳን የለውም። ከኋላችንም፣ ከጨለማ ውስጥም የሚመጣውን ይሰማል። ድንገት ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ ሰውነታችን «ምን ይሆን?» ብሎ እስኪያስብ አይጠብቅም። መልእክቱ ከጆሮ ወደ አንጎል ግንድ፣ ከዚያም ወደ ጡንቻዎች ይሮጣል። የዓይን ቆብ መዘጋት የሚጀምረው ከሰከንድ አንድ ሃያኛ ገደማ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነው። አንገት ይሰበሰባል፣ ትከሻ ይነሳል። «ኧረ በሩ ነው!» የምንለው ከበረገግን በኋላ ነው።

ታዲያ ጸጥታው ምን ይሠራል? ሁለት ነገር።

አንደኛው ልዩነቱን ማስፋት ነው። ሹክሹክታ 30 ዴሲቤል ገደማ ነው። በዚህ መለኪያ 10 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ያድጋል። እንግዲህ አስቡት፤ ከ30 ዴሲቤል ተነስቶ 90 የሚደርስ ጩኸት ኃይሉ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ጫጫታ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያው ጩኸት ይህን ያህል አያስደነግጥም።

ሁለተኛው ማስጠበቅ ነው። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎላችን ክፍል አደጋ ሲጠረጥር፣ የሚያስበረግገውን መስመር ያጠናክረዋል። ስለዚህ ያንኑ ድምፅ ሰምቶ፣ ዘና ካለ ሰው ይልቅ የሰጋ ሰው አብልጦ ይበረግጋል።

እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው «ካት ፒፕል» የተሰኘ የአሜሪካ ፊልም ሁለቱንም ተጠቅሞባቸዋል። አንዲት ሴት በሌሊት በፓርክ ዳር ብቻዋን ትሄዳለች። ከኋላዋ የሌላ ሴት ጫማ ቋ ቋ ይላል። ይህች ተከታይ ወደ ግስላ ትለወጣለች ተብላ የምትጠረጠር ናት። ድንገት ኮቴው ይቆማል። ጭር። የፊተኛዋ ዞር ብላ ታያለች፤ ማንም የለም። እርምጃዋን ታፈጥናለች። ከዚያ የአውሬ ጩኸት የመሰለ ድምፅ ጆሮ ሰንጥቆ ይገባል። ለካስ አጠገቧ የቆመ አውቶቡስ ነው! ከዚያ ወዲህ የፊልም ሰዎች እንዲህ ያለውን ማስደንገጫ፣ በፕሮዲዩሰሩ በቫል ሊውተን ስም፣ «የሊውተን አውቶቡስ» ይሉታል።

ልብ በሉ፤ ግስላው ጭራሽ አልታየም። ኮቴው ከቆመበት ቅጽበት ጀምሮ የሠራው የተመልካቹ አንጎል ነው። የአውቶቡሱ ድርሻ በመጨረሻ መጮህ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሲኒማ ቤት ውስጥ ከመቀመጫችሁ ብድግ ብትሉና ጓደኞቻችሁ ቢስቁባችሁ አትፈሩ፤ ፈሪ ስለሆናችሁ አይደለም። በጫካ ውስጥ ኮሽታ የሰማ ሰው በሕይወት እንዲተርፍ የሚረዳው ይኸው ሥርዓት ነው። ይልቅ በሚቀጥለው ጊዜ ሙዚቃው ቀጥ ያለበትን ቦታ ያዙ። ፊልሙ እናንተን ማስፈራራት የጀመረው እዚያ ጋ ነው።