ከሾላ እስከ በደሳ፦ ለልጆች በነፃ የሚሰጥ መጽሐፍ

በኦሮሚያ፣ ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኙ እንደ በደሳ ባሉ ከተሞች ወላጅ ለልጁ የተረት መጽሐፍ ልግዛ ቢል የሚሄደው ወደ ጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነው። እዚያ ደብተርና እስክሪብቶ አለ፤ ለፈተና የሚሆን አጋዥ መጽሐፍም አይጠፋም። የስድስት ዓመት ልጅ ሥዕሉን እያየ የሚያገላብጠው መጽሐፍ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የሆነ የልጆች መጽሐፍ እዚህ ቢደርስ በስጦታ ነው የሚደርሰው።

በአገራችን ለልጆች መጽሐፍ በስጦታ የማድረስ ሥራ ሲነሣ ቀድመው የሚታወሱት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። ነገሌ ቦረና ያደጉት አቶ ዮሐንስ በስደት አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ከመደርደሪያው አጡ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከደራሲት ጄን ከርትዝ ጋር፣ በኋላ «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ቀጥሎም ሐዋሳ ላይ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። ከአሜሪካ ያስጫኑት መጽሐፍ ወደ 15 ሺህ ይደርስ ነበር። ለእኔ ግን ከዚያ ሁሉ ጭነት የሚበልጠው ራሳቸው ያዘጋጁት «ቂሉ ማሞ» የተባለው፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የታተመበት አንድ ቀጭን ባለ ቀለም መጽሐፍ ነው።

ለምን ቢባል፣ ከውጭ በኮንቴነር የሚመጣው መጽሐፍ ቁጥሩ ለሪፖርት ያምራል እንጂ አንባቢ ማግኘቱ ያጠራጥራል። በኦሮሚያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ፣ በላቲን ፊደል በተቀረጸው ቁቤ ነው። የበደሳ የሁለተኛ ክፍል ልጅ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአሜሪካ መጽሐፍ ቢሰጠው ሥዕሉን አይቶ ይመልሰዋል። የአማርኛውም ቢሆን ፊደሉን ላልለመደ ልጅ ያው ነው። ይህን የተረዱ አሉ፤ ኮድ ኢትዮጵያ በየገጠሩ የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት ከማደራጀቱ ጎን በአገር ቋንቋዎች ያሳትማል፤ ከሲያትል የተነሣው «ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ» ደግሞ አጫጭር ታሪኮችን በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በትግርኛ ከእንግሊዝኛ ጋር ያወጣል።

መጽሐፉ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላም ሌላ ጣጣ አለ፤ ይህን ለጋሾች ብዙም አያስቡትም። የተለገሰ መጽሐፍ የመንግሥት ንብረት ነውና በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ በሞዴል 19፣ ገቢ ይሆናል፣ በአንድ ሰው ስም ይመዘገባል። ቢጠፋ ተጠያቂው የፈረመው ነው። እንግዲህ ደመወዙ እንዳይቆረጥበት የሚሰጋ ሠራተኛ ምን ያድርግ? ቁም ሣጥኑን ይቆልፋል፤ መጽሐፉም እንዳማረበት ይኖራል። በፊጂ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተደረገው የታወቀ ጥናት ግን ተቃራኒውን ነበር የሞከረው፤ ለገጠር ክፍሎች ለእያንዳንዳቸው 250 ያህል ማራኪ መጻሕፍት ሰጥቶ ልጆቹ በየዕለቱ እንዲያነቧቸው አደረገ፤ ንባባቸውም መጽሐፍ ካልደረሳቸው እኩዮቻቸው በእጅጉ ፈጥኖ አደገ። መጽሐፍ ካልተነካካ፣ ካልተቀደደ፣ ካልቆሸሸ አልተነበበም ማለት ነው።

ገንዘቡም እየሳሳ ነው። በእናት ቋንቋ ንባብን ሲደግፍ የቆየው የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት፣ ዩኤስኤይድ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ወረቀትና ቀለም ከውጭ የሚያስመጣ ማተሚያ ቤት ወጪው ምን ያህል እንደናረ መገመት አይከብድም።

የቀረው ርካሽ መንገድ ስልክና ኮፒ ቤት ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አጫጭር ታሪኮች አሉት፤ ፈቃዱም ማባዛትን አይከለክልም። አንድ መምህር ታሪኩን በስልኩ አውርዶ ጭሮ ኮፒ ቤት በጥቁርና ነጭ ሊያሳትመው፣ በስቴፕለር አያይዞ ለተማሪዎቹ ሊያድለው ይችላል። ሥዕሉ ይደበዝዛል፣ ወረቀቱም ቶሎ ይተረተራል። ግን ከራሱ ኪስ ያሳተመው ሞዴል 19 አይቆረጥለትምና ልጁ ይዞት ቤቱ ይገባል።