ኢሜይሉ ይመጣል፤ ታዲያ ለምን አይሄድም?

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጀሞ አካባቢ አነስተኛ የሕትመት ቤት ያላቸው ጎረቤታችን ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ኢሜይሉ ይመጣል እንጂ አይሄድም እኮ! ፕሮፎርማው እስከ 11 ሰዓት ካልደረሰ ሥራው ለሌላ ነው» አሉኝ። ስደርስ 9 ሰዓት ተኩል ሆኗል። የደንበኞች መልእክት እየገባ ነው፤ የሳቸው ፕሮፎርማ ግን «አውትቦክስ» ውስጥ ቁጭ ብሏል። ከሳምንት በፊት የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ቀይረው ስለነበር ለሳቸው ነገሩ ያለቀለት ነው፦ «ኔትወርኩ ነው!»

«ጋሼ፣ ኔትወርክ ባይኖርማ የሚመጣውም አይመጣም ነበር» አልኳቸው።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ኢሜይል መቀበልና ኢሜይል መላክ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እስቲ ፖስታ ቤትን አስቡ። እኛ አገር ደብዳቤ ለመቀበል የፖስታ ሣጥን ይኖራችኋል፤ ቁልፍ ይዛችሁ ሄዳችሁ ትከፍታላችሁ። ለመላክ ግን ሣጥኑ ምንም አያደርግላችሁም፤ ወደ መስኮቱ ሄዳችሁ ለሠራተኛው ታስረክባላችሁ። ኢሜይልም እንደዚሁ ነው። ሣጥኑን የሚከፍተው ደንብ ብዙ ጊዜ «አይማፕ» ሲሆን፣ በመስኮቱ በኩል የሚያስረክበው ደግሞ «ኤስኤምቲፒ» ይባላል። ሰርቨሩ ላይ እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ በር አለው። በሩ «ፖርት» ይባላል፤ መለያውም ቁጥር ነው።

ኤስኤምቲፒ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ የተሰጠው በር ቁጥር 25 ነበር። በዚያ ዘመን ኔትወርኩን የሚጠቀሙት ጥቂት ተመራማሪዎችና ተቋማት ስለነበሩ መስኮቱ ላይ መታወቂያ የሚጠይቅ አልነበረም። ማንም ሰው የፈለገውን የላኪ ስም ጽፎ ማስረከብ ይችል ነበር። ኢንተርኔት ለሕዝብ ሲከፈት ይህ ክፍተት ጣጣ አመጣ። ቫይረስ የገባባቸው የቤት ኮምፒውተሮች፣ ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ፣ በበር 25 በኩል አይፈለጌ መልእክት በገፍ ይልኩ ጀመር።

ስለዚህ በዓለም ላይ ብዙ ኢንተርኔት አቅራቢዎች መደበኛ ደንበኞቻቸው በበር 25 ወደ ውጭ እንዳይወጡ ይዘጋሉ። ይህን የሚያደርጉት ለክፋት አይደለም። ብዙ ደንበኞች አንድ የጋራ «አይፒ አድራሻ» ይዘው ወደ ኢንተርኔት ሊወጡ ይችላሉ። ከመካከላቸው የአንዱ ኮምፒውተር አይፈለጌ መልእክት ከላከ አድራሻው ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ንጹሑም ጎረቤት አብሮ ይቀጣል። ለተጠቃሚዎች ደግሞ ሌላ በር ተዘጋጅቷል፦ እ.ኤ.አ. በ1998 ደረጃ የወጣለት በር 587። እዚህ በር ላይ ሰርቨሩ ዛሬ በተለምዶ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል። በር 465ም ለዚሁ ሥራ ይውላል።

ወደ ሕትመት ቤቱ እንመለስ። ምህንድስና ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ብልሽት ስትፈልጉ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። ሁለት ነገር አብራችሁ ከቀየራችሁ፣ ቢስተካከልም የትኛው እንዳስተካከለው አታውቁም።

መጀመሪያ ያንኑ የኢሜይል አካውንት በብሮውዘር ከፍተን ፕሮፎርማውን ላክነው። ሄደ! ሰዓቱ 10 ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ጋሼም ተነፈሱ። ይህ ሙከራ ሥራውን ከማዳኑም በላይ አንድ ነገር ነገረን፦ አካውንቱ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ከዋይፋዩ አላቅቀን በስልኬ ሞባይል ዳታ አገናኘነው። አውትቦክስ ውስጥ የቀረው ቅጂ ወዲያው ወጣ። ስለዚህ ፕሮግራሙም አልተበላሸም፤ ልዩነቱ ያለው መንገዱ ላይ ነው። በመጨረሻ የፕሮግራሙን ሴቲንግ ከፍተን የመላኪያውን ፖርት ስናይ፦ 25። ወደ 587 ቀየርነው፣ ምስጠራውንና የፓስወርድ ማረጋገጫውን አበራን፣ ወደ ዋይፋዩ ተመልሰን የሙከራ መልእክት ላክን። ሄደ።

እንግዲህ ጋሼ በግማሽ ልክ ነበሩ። ችግሩ የታየው አቅራቢ ስለቀየሩ ነው፤ ግን መስመሩ አልተበላሸም። አዲሱ መንገድ አሮጌውን በር አያሳልፍም እንጂ።

የማይሄድ ኢሜይል ሁሉ ምክንያቱ ፖርት ነው ማለት ግን አይደለም። ሰርቨሩ መልስ ከሰጣችሁ ቁጥሩን አንብቡት። በ4 የሚጀምር ከሆነ «ለጊዜው አልተቻለም፣ ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው። በ5 የሚጀምር ከሆነ ሰርቨሩ እምቢ ብሏል፤ ያንኑ መልእክት ደጋግሞ መላክ አይጠቅምም። 535 ስምና ፓስወርዱ ተቀባይነት አላገኘም ማለት ነው። 552 ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልእክቱ ከመጠን በላይ ሲከብድ ነው። እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ኢሜይል አባሪ ፋይልን ወደ ፊደልና ቁጥር ቀይሮ ስለሚልክ እያንዳንዱ 3 ባይት 4 ይሆናል። የ21 ሜጋባይት ፋይል መንገድ ላይ 28 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል። 550 ደግሞ አድራሻው የለም ወይም ተቀባዩ ሰርቨር አልቀበልም ብሏል ማለት ሊሆን ይችላል። ምንም ቁጥር ሳይመጣ ረጅም ጊዜ ጠብቆ የሚያቋርጥ ከሆነ ግን የተዘጋ በር ጠርጥሩ።

ቀጣዩ የስኮላርሺፕ ማመልከቻችሁ ወይም ሲቪያችሁ አውትቦክስ ውስጥ ሲቀር፣ መጀመሪያ በሌላ መንገድ ልካችሁ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ አድርጉ። ከዚያ አንድ በአንድ እየቀየራችሁ ፈትሹ። አቅራቢው ጋ ስትደውሉም «ኢንተርኔት አይሠራም» አትበሉ፤ «መቀበል እችላለሁ፣ መላክ አልችልም፣ የምጠቀመው ፖርት ይህ ነው» በሉ። ስልኩን ያነሳው ባለሙያ ከየት እንደሚጀምር ያኔ ያውቃል።